ለመጀመሪያ ውድድር የትኛውን ኮርስ ብስክሌት ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 24፣ ቁመቴ 1.74 ሜትር ነው። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን እስካሁን የነዳሁት ማውንቴን ብስክሌት ብቻ ነው። በመጪው ዓመት በአማተር ውድድር መሰለፍ እፈልጋለሁ፤ አቅሜ ግን ውስን ነው። ሦስት ብስክሌት አይቻለሁ። አንዱ ያገለገለ ካርቦን፣ ማርሹ ሺማኖ 105፣ ከኋላ ባለ11፣ የፍሬሙ ልክ 58። ሁለተኛው ያገለገለ አልሙኒየም፣ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ካርቦን፣ ማርሹ የሺማኖ ሶራ፣ ከኋላ ባለ9፣ ልኩ 54። ሦስተኛው አዲስ፣ ስም የሌለው፣ ባለ21 ማርሽ። ልቤ ካርቦኑ ላይ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ አልሙኒየሙን ግዛ፤ ያውም ከታች የዘረዘርኩትን ፍተሻ ካለፈ ነው። ካርቦኑን ተወው የምልህ ካርቦን ስለሆነ አይደለም፤ 58 ስለሆነ ነው።

ልክህን ለማወቅ ጫማህን አውልቀህ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችህ መሀል ወደ ላይ አጥብቀህ ያዝና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ አናት አስለካ። 82 ሴንቲ ሜትር ከመጣ በ0.883 አባዛው፤ 72.4 ይሆናል። ይህ ፔዳሉ ከሚዞርበት ዘንግ መሀል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ለመነሻ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ኋላ በጥቂት ሚሊ ሜትር ታስተካክለዋለህ። የኮርቻው ከፍታ በማንኛውም ፍሬም ላይ ይስተካከላል፤ የማይስተካከለው የፍሬሙ ርዝመት ነው። 58 ፍሬም ከ54 ብዙውን ጊዜ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ሻጩ «ስቴሙን (መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያገናኘውን ቁራጭ) በአጭር እንቀይረዋለን» ይልሃል። ቀይሮልህ 70 ሚሊ ሜትር ላይ ብትወርድ መሪው ይቀላል፤ በቡድን ተጠጋግቶ ሲነዳ ትንሽ ንክኪ ብቻ አቅጣጫህን ያስታል። ባይቀይረው ደግሞ ክንድህ ተወጥሮ አንድ ሰዓት ያህል ከነዳህ በኋላ አንገትህና ወገብህ ይጮሃሉ።

አዲሱን ባለ21 ለውድድር አትግዛው። መሪው ወደ ታች ስለተቆለመመ ብቻ ኮርስ አይሆንም። በእንዲህ ያለው ብስክሌት ላይ የኋላ ማርሹ አብዛኛውን ጊዜ በሞዞው (በጎማው መሀል ባለው እምብርት) ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ነው። የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ አክስሉ በዚያ በኩል ድጋፍ ያጣል፤ ጉድጓድ ሲደጋግመው ይጎብጣል፣ ይሰበራል። ማግኔት ይዘህ ሂድና ቸርኬው ላይ አስጠጋው። ከያዘ ብረት ነው፤ ብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን አይዝም፣ በሐምሌ ዝናብ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስትወርድ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ አልሙኒየሙ። ፍተሻውን በቀን ብርሃን አድርገው፤ ማታ በፒያሳ መብራት የታየ ፍሬም እንዳልታየ ቁጠረው። መጀመሪያ ገልብጠህ ወደ ታች የሚወርደውን ዋና ቱቦ ከመሪው አንገት ሥር ጀምረህ በጣትህ ዳብስ። ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም በክብ የተሰነጠቀ ከሆነ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል፤ አልሙኒየም አንዴ ከታጠፈ በኋላ አቃንቶ መወዳደር የለም፣ ተሰናብተህ ሂድ። የፎርኩን እግሮችም ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ጥረግ፤ ጨርቁን የሚይዝ ቦታ ካለ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የኮርቻውን ዘንግ አስፈታ። «ጠብቆ ነው፣ አያስፈልግም» ከተባልህ ጥርጣሬህ ይጨምር። ላብና ውኃ ገብቶ ዘንጉና ፍሬሙ ተጣብቀው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ማላቀቅ አንዳንዴ ፍሬሙን ማጣት ነው። ከዚያ የፊት ፍሬን ይዘህ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቅ። አንገቱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ምናልባት ማጥበቅ ይበቃው ይሆናል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ መሪውን ቀስ ብለህ ስታዞር መሀል ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚቆም ከሆነ ግን ኩሽኔታው ተበልቷል። እሱ ይለወጣል፤ ከዋጋው ግን አስቀንስበት።

ካቴናውን በማስመሪያ ለካ። ከአንዱ ፒን መሀል ጀምረህ፣ እሱን ሳትቆጥር፣ 24ኛው ፒን መሀል ላይ ስትደርስ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306 ተኩል ከደረሰ ካቴናው ብቻ ይቀየራል። 308 ላይ ካለ የኋላ ካሴቱም (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) አብሮ አልቋል፤ አዲስ ካቴና ብታስርበት በትንንሾቹ ጥርሶች ላይ ጉልበት ስትጥል ይዘልላል። ሻጩ ካቴናውን ብቻ አዲስ አድርጎ ካቀረበልህም በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ጥርስ ላይ ዳገት ገፍተህ ሞክረው፤ የተደበቀው ካሴት ያኔ ይናገራል።

ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ፍሬን የሚያርፍበትን ገጽ በማስመሪያ ጠርዝ ተመልከተው። መሀሉ ጎድጉዶ በማስመሪያው ሥር ብርሃን ካሳለፈ ግድግዳው ሳስቷል። አንዳንድ ቸርኬ ላይ ማለቁን የሚያሳይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም መስመር አለ፤ ጉድጓዱ ከጠፋ ቸርኬው አልቋል። የሳሳ ቸርኬ ከጎማው ግፊትና ከፍሬኑ ሙቀት የተነሳ ሊተረተር ይችላል፤ ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ ሁለቱም ይከፋሉ።

መሪው ላይ ያለውን የማርሽ መቀየሪያ እጀታ ስትጫን ባዶውን ከሄደና ካልያዘ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። በሺማኖ አሮጌ እጀታዎች ውስጥ ያለው ቅባት ደርቆ ይሆናል፤ ስስ ዘይት እየነፉ ደጋግሞ መጫን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ካርቦኑ ላይ ባለው በባለ11 105 ላይ ደግሞ ሌላ የታወቀ ጉዳይ አለ፤ ሽቦው እጀታው ውስጥ እየተፈተለ ተበጥሶ ቁራጩ ማርሹን ይቆልፋል።

ከኋላ ቆመህ ከካሴቱ ሥር የተሰቀለውን የማርሽ ቀያሪ፣ ካቴናው የሚያልፍባቸውን ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ተመልከት፤ ከካሴቱ ጥርስ ጋር አንድ መስመር ካልሠሩ የተሰቀለበት ቁራጭ ታጥፏል። ይህ ቁራጭ እንደየፍሬሙ ቅርጹ ይለያያል። የእኔ ምክር አንድ ትርፍ አስቀድመህ እንድታስመጣ ነው፤ መርካቶን ቀኑን ሙሉ ብትዞር የራስህን ላታገኘው ትችላለህ።

የማርሹ ነገር ከውጭ መጽሔት አይገለበጥም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ዳገት ላይ የምታገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ጉልበትህ ይቀንሳል፤ ሜዳ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ የሚገታህ ይቀንሳል፣ በዚያው ጉልበት ትፈጥናለህ። ስለዚህ ሁለቱም ጫፍ ያስፈልግሃል። ከፊት ባለ50 እና ባለ34 ጥርስ ይሁን። ከፊት 50 ከኋላ 11 ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ስታዞር በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለህ፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን 34 በ25 ላይ በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለብህ። 32 ጥርስ ካለህ 8 ይበቃል፤ ጉልበትህም ይተርፋል።

እዚህ ላይ ሶራው ይጠቅምሃል፤ ለማውንቴን የተሠራ የሺማኖ ባለ9 ካሴት፣ 11–32፣ እሱም ላይ ይገባል። ሁለት ነገር ግን አጣራ። የማርሽ ቀያሪው አጭር ክንድ ያለው ከሆነ ብዙዎቹ ከ28 ወይም ከ30 በላይ አይቀበሉም። የድሮው ካቴናም ሊያጥር ይችላል፤ ከፊትም ከኋላም ትልቁ ላይ ስታስገባው ማርሽ ቀያሪውን ጎትቶ ይሰብረዋል። ልኩን ለማግኘት አዲሱን ካቴና በማርሽ ቀያሪው ሳታሳልፍ በሁለቱ ትልልቅ ጥርሶች ላይ ጠቅልለውና ከሚገናኝበት ሁለት ዓይን ጨምር።

ለጎማ የ25 ሚሊ ሜትር ስፋት ውሰድ፤ ፍሬሙና ፍሬኑ ካስገቡ 28 ይሻላል። ክብደትህ 65 ኪሎ ገደማ ከሆነ በ25 ጎማ 85 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ከኋላ፣ 80 ከፊት ጀምር። 120 የሚነፉ አሉ፤ በእኛ አስፋልት ላይ ጎማው ይዘልላል እንጂ አይፈጥንም። ጎሚስታ ቤት የምትነፋ ከሆነ ለቀጭኑ ቫልቭ ትንሿን የነሐስ ማገናኛ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ኮምፕረሰሩን በአጭር በአጭሩ አስነፋው፤ የውስጡ ጎማ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ይፈነዳል። በሙጫ ቸርኬው ላይ የሚለጠፍ ጎማ ያለው ብስክሌት በነጻም ቢሰጡህ አትቀበል፤ መንገድ ላይ ሲፈሳ ጉድ ነው።

ከያዝከው ገንዘብ ሩቡን አስቀር። ሄልሜት፣ ሁለት ጎማ፣ ካቴና፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕ ከዚያ ይወጣሉ። ጫማ የሚይዝ ፔዳል ሁለተኛ ወር ላይ ይድረስ። በጋራ መነሻ ባለው ውድድር ክንድ የሚያስደግፍ የተዘረጋ መሪ አይፈቀድም፤ ካለው አስወልቀው። የመሪው ሁለት ጫፎችም ይደፈኑ፤ ክፍት ቱቦ ሲወድቁበት ሥጋ ይቆርጣል።

ዘመድ ቤት ያለ አሮጌ የጣሊያን ብረት ኮርስ ቢሰጡህ ለእሁድ ሽርሽር ደስ ይላል፤ ለውድድር ግን ዕቃ ማሳደድ ይሆንብሃል። የፔዳል ዘንጉ ቤት የብሎን ጥርሱ የጣሊያን ከሆነ 36 ሚሊ ሜትር ነው፣ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ የቀኙ ለዚህ ነው በጉዞ ላይ የሚላላው። በአንዳንድ አሮጌ ኮርስ ላይ ያለው 27 ኢንች ቸርኬ ደግሞ ጎማው በሚቀመጥበት ዲያሜትሩ 630 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው የ700 ጎማ ለ622 ነውና አይገባበትም።

ገዝተህ ሽቦዎቹን ካስቀየርህ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች ላይ ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ያመነታል። አልተበላሸም፤ የሽቦው ልባስ ቦታውን እየያዘ ነው። ማርሽ ቀያሪው ላይ ሽቦው የሚገባበትን ማስተካከያ ከኋላ ሆነህ እያየህ ወደ ግራ ግማሽ ዙር አዙርና ሞክር፤ ካልበቃው ሌላ ሩብ ዙር ጨምር።