ሴሎቹ ተከፋፈሉ ወይስ ሥራ ተከፋፈሉ?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለ ብዙ ሴል ፍጥረታት እንዴት እንደመጡ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ «ሴሎቹ ከጊዜ በኋላ ተከፋፈሉ» ብዬ ጻፍሁ። ለማለት የፈለግሁት እያንዳንዱ ሴል የየራሱን ሥራ ያዘ ነው። ተማሪዎቼ ግን አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆኑ ብለው ተረዱት። «ተለያዩ» ብል ይሻል ነበር?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ አልተሳሳቱም። «ተከፋፈለ» ተሳቢ ሲያጣ ክፍፍሉ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው፤ «ማኅበሩ ተከፋፈለ» ቢባል የተሰነጠቀው ማኅበሩ ራሱ ነው። «ወንድማማቾቹ መሬቱን ተከፋፈሉ» ሲባል ግን የተቆራረሰው መሬቱ ነው፤ ወንድማማቾቹ ደህና ናቸው። እርስዎም «ሥራ ተከፋፈሉ» ማለት ነበረብዎት።

የአንዲት ቃል ጉድለት ናት፤ ነገሩን ግን ገልብጣዋለች። ቮልቮክስን ይውሰዱ፤ በኩሬ የሚኖር፣ ለዓይን አረንጓዴ ነጥብ የሚመስል ዋቅላሚ ነው። ቮልቮክስ ካርተሪ የተባለው ዝርያ 2000 ያህል ትንንሽና 16 ያህል ትልልቅ ሴሎች አሉት። ትንንሾቹ እያንዳንዳቸው በሁለት ጅራፍ መሰል መቅዘፊያ ይዋኛሉ፤ ትልልቆቹ ይራባሉ። ብቻውን የሚኖረው ባለ አንድ ሴል ዘመዱ ክላሚዶሞናስ ሁለቱንም የሚሠራው በየተራ ነው፤ ሊከፈል ሲል መዋኘቱን ይተዋል። በቮልቮክስ ተራ መጠበቁ ቀረና ሥራው ለሁለት ወገን ሆነ። ትንንሾቹን ከመከፈል የሚያግዳቸው ሬግኤ የሚባል ጂን ነው፤ ጂኑ ሲበላሽ ቀዛፊዎቹ ይፋፉና መቅዘፊያቸውን ጥለው መራባት ይጀምራሉ። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የዚህ ጂን ዘመድ በክላሚዶሞናስም አለ፤ እዚያ የሚነቃው ብርሃን ሲጠፋ ወይም ምግብ ሲያጥር ነው። የክፉ ቀን ልጓም የነበረው በቮልቮክስ ዘንድ የዘወትር ሆነ።

እንግዲህ ቀዛፊዎቹ ሥራ ስለተከፋፈሉ መከፋፈል አቆሙ። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የሚለው ተቃራኒውን ነው።

«ተለያዩ» የተፋቱ ባልና ሚስት ያስመስላቸዋል፤ የቮልቮክስ ሴሎች ግን በአንድ ሉል መሰል አካል ላይ አብረው ነው የሚኖሩት። «ተለዩ» ደግሞ የሞት ማስታወቂያ ይሸታል (ቀዛፊዎቹ ልጆቹ ከወጡ በኋላ መሞታቸው እውነት ቢሆንም)። ለመባዛቱ «ተከፈለ»ን፣ ለሙያው «ሥራ ተከፋፈሉ»ን ይያዙ። «በየሥራቸው ተመደቡ» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ መዳቢው ማን ነው ያሰኛል።