«ጾም ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ማንም ብዪ አይለኝም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? 24 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ምግብ ሲቀርብ ይጨንቀኛል። ብዙ ጊዜ ሳልበላ እውላለሁ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ሰው ሲተኛ ያገኘሁትን ሁሉ እበላና ሽንት ቤት ገብቼ አስመልሰዋለሁ። እንዲህ ከሆንኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ጾም ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ማንም ብዪ አይለኝም። ከቁርባንም ርቄያለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ሐኪም ቤት እንሂድ ትለኛለች፤ እኔ ግን ጠበል እያለ ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት ይመስለኛል። እናቴ ደግሞ «በ77 ወሎ ላይ ሰው በረሃብ ሲረግፍ ያየሁ ነኝ፤ አንቺ የቀረበልሽን ትገፊያለሽ?» ትለኛለች። ይሄ ኃጢአት ነው ወይስ በሽታ? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ሦስት ዓመት ደብቀሽ የያዝሽውን ነገር ለማታውቂው ሰው መጻፍ ቀላል አይደለም።

ቀጥታውን ልንገርሽ። ይሄ በሽታ ነው። ሐኪሞች ያውቁታል፣ ስም አለው፣ ይታከማል። ራስን ከምግብ እየከለከሉ መክሳት ሲሆን አኖሬክሲያ ይሉታል። አግበስብሶ በልቶ ማስመለስ ሲሆን ደግሞ ቡሊሚያ። ያንቺ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። «ጾም ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ማንም ብዪ አይለኝም» ያልሽውን። ያነበብኩት እንደ መምህር ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራት አንዲት ልጅ ነበረች። በፍልሰታ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፤ ከሁሉም በኋላ ትሄዳለች። ቅዳሴው ወጥቶ ጠበል ጸዲቅ ሲታደል ድርሻዋን ዳቦ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ለእናቷ የምትወስድ ይመስለኝ ነበር። እንደውም አንድ ቀን በልጆቹ ፊት «እንደ እሷ ጹሙ» አልኩ። በሳምንቱ ቅዳሴ ላይ ወደቀች። ስናነሳት በዚያ ሁሉ ነጠላና ሹራብ ውስጥ የነበረው ሰውነት እንደ ሕፃን ቀሎ ነበር። እጇ በረዶ ነው። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የደረቀ ዳቦ እንደተቋጠረ ነበር።

ልጅቷ ዛሬ ድናለች። እንድትድን የረዳኋት ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ያደረግኩት በሽታዋን ማመስገን ነው። ስለዚህ ላንቺ የምጽፈው ያን ጊዜ ለእሷ ማለት የነበረብኝን ነው።

ጾም የታወቀ ጊዜ አለው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት ከምግብ መከልከል ነው ይላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ 56ኛው ቀን ላይ ዶሮው ይወጣል፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ እንጎራረሳለን። ያንቺ ጾም ግን ፋሲካ የለውም። ሌላው ሰው የፋሲካን ሌሊት ሲናፍቅ አንቺ ትፈሪዋለሽ። እውነተኛ ጾም ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ ያደርጋል። እዚህ ግን ነፍስሽ ቀን ከሌት የምታስበው ስለ ምግብ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ መስታወት ነው። ይሄ ጾም አይደለም፤ መደበቂያ ነው። አትሸማቀቂ፣ ልወቅስሽ አይደለም። በሽታው ጾማችንን እንደ ነጠላ ለብሶት ነው የኖረው።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕና ዓርብን የማይጾመውን ሲገሥጽ እንኳ በሥጋ ሕመም ምክንያት ያልቻለውን ለይቶ ያወጣዋል። የከለከለሽ ሕመም ሳለ መብላትሽ ሥርዓት ማፍረስ አይሆንም። እንዲያውም አሁን ላንቺ ከባዱ መታዘዝ መብላት ነው።

«ታዲያ ዝም ብዬ የጾም ሰው ሳልሆን ልቅር?» ትይኝ ይሆናል። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው «ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን» ይላል። እንዲህ አድርጊ፤ ሚዛን ላይ መውጣትን ጹሚ። መስታወት ፊት ቆሞ ሰውነትን መመርመርን ጹሚ። ቲክቶክ ላይ የሰው ወገብ እያዩ ማምሸትን ጹሚ። ይሄኛው ጾም ላንቺ ከምግቡ ይከብዳል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ስለ ጠበሉ። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38ን አውጥተሽ አንብቢ። ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስን ቅዱስ ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ነው ያለው። በአገራችንም ኤች አይ ቪ ብዙዎችን በጨረሰበት ዘመን ጠበል ላይ ያሉ ሕሙማን መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እንደማይጋጩም በአደባባይ ተናግረዋል። ያ ቃል ላንቺም ይሠራል።

የኢያኢሮስን ልጅ አስቢያት። 12 ዓመቷ ነበር። ጌታ እጇን ይዞ ከሞት አስነሣት። ከዚያ ምን አለ? የምትበላውን ስጧት አለ። ማርቆስ ምዕራፍ 5 መጨረሻው ላይ ነው። ሞትን ያሸነፈ አምላክ፣ ያለ ምግብ ሊያኖራት አይችልም ነበር? ይችላል። ግን ለቤተሰቧ ሥራ ሰጣቸው። እኔ ይሄን ጥቅስ ሳነብ አንቺን ነው ያሰብኩት።

ጠበል ተጠመቂ፣ ጸልዪ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ ለሌላው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ማስመለስ በሽታው ለሆነ ሰው ግን አደጋ ነው። በተደጋጋሚ የሚያስመልስ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ለአጥማቂው ካህን ይሄንኑ ንገሪያቸው፤ መጠመቁ ይበቃሻል። መንፈስ ነው ያለሽም ሰው ካለ፣ ጸሎቱን ተቀበዪው፤ ምርመራውን ግን አትተዪ።

እናትሽ ክፉ አይደሉም። የ77ን ያየ ሰው የተረፈ እንጀራ ሲጣል እንኳ ያመዋል። ግን እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ የዚያ ጊዜው ረሃብ ምግብ ሲገኝ ይለቅ ነበር። የእኔ ምግብ እያለም አይለቅም፤ ለዚህ ነው በሽታ የሆነው።» ደብዳቤዬንም አስነብቢያቸው። እናት፣ ይሄን የሚያነቡ ከሆነ፣ እባክዎ በግድ አያጉርሷት። ብዙ ጊዜ ያልበላ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ ሰውነቱ ሊናጋ ይችላል። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን እንኳ ጤና ተቋም ሲገባ ቀለል ባለ ወተት፣ በልኬት የሚጀመርለት ለዚህ ነው። ከማዕድ ላይ «ከሳሽ፣ ወፈርሽ» ማለቱንም ለጊዜው ይተዉት። አብረዋት ይቀመጡ፣ ሌላ ወሬ ያውሩ።

እኅቴ፣ «ያን ያህል አልከሳሁም፣ ገና ነኝ» ብለሽ እንዳትቆዪ። ይሄ በሽታ ሁሉንም አያከሳም። ደግሞ «አማኑኤል ሄደች ይሉኛል፣ ማን ያገባኛል» የሚል ፍርሃት እንዳለብሽ ሳትጽፊው ገብቶኛል። አማኑኤል መሄድ ነውር አይደለም። ካልቻልሽ ግን የአእምሮ ሐኪም ያለበት ጠቅላላ ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳም፣ ቅዱስ ጳውሎስም ክፍሉ አላቸው። እሱም ከከበደሽ ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጀምሪ። ገብተሽ «ጨጓራዬን ያመኛል» ብለሽ እንዳትወጪ። ብዙዎች እዚያች በር ላይ ደርሰው የሚመለሱት እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ ጻፊው፦ «ምግብ እተዋለሁ፣ እበላና ሆን ብዬ አስመልሳለሁ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ የወር አበባዬም እንዲህ ሆኗል።» ማውራት ካቃተሽ ወረቀቱን ስጫቸው። ጓደኛሽን ይዘሻት ግቢ።

ልብሽ ያለ ምክንያት ከመታ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ስታስመልሺ ደም ካየሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ለንስሐ አባትሽም ይሄንኑ ንገሪያቸው። የነገርሻቸው ከእሳቸው አይወጣም። «አባ፣ ጾሙ በሽታዬን እየደበቀልኝ ነው፤ ሐኪም እስኪያየኝ ምን ላድርግ?» በያቸው። የቁርባኑም ነገር ከማስመለሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መፍትሔው በእሳቸው እጅ ነው፤ እኔ ከሩቅ አልፈርድም። ምናልባት ጉዳዩን ሰምተውት የማያውቁ ሊሆኑ ይችላሉ። «ፈተና ነው፣ ጨክነሽ ጹሚ» ካሉሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ሐኪሙ የጻፈልሽን ይዘሽ ተመለሺና አስረጂያቸው።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ሁለቱንም አግኚያቸው፣ ሐኪሙንም ንስሐ አባትሽንም። ጾሙ ከገባ እንደገና የምትደበቂበት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስምሽን አልጻፍሽልኝም፤ ችግር የለም። የክርስትና ስምሽን ብቻ ላኪልኝ።