መልስ፦ ከደብረ ማርቆስ ለድኅረ ዶክትሬት የመድኃኒት ግኝት ምርምር ማመልከት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በባዮኬሚስትሪ ዶክትሬትዎን ጨርሰው ደብረ ማርቆስ እያስተማሩ መሆንዎንና በብሳና ቅጠል ፀረ ወባነት ላይ የሠሩትን ይዘው ለድኅረ ዶክትሬት የት ማመልከት እንደሚሻል ጠይቀዋል።

በእኔ እምነት ከሥራ ማስታወቂያው ይልቅ የሚሠሩበትን ቤተ ሙከራ መምረጥ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ለተመራማሪዎች በሚሰጡት በአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ የገንዘብ ድጋፍም ሆነ በጀርመኑ የሁምቦልት ድጋፍ አመልካቹ የሚቀበለውን ተመራማሪ አስቀድሞ ማግኘት አለበት። የኩሪው ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ሲሆን ከዶክትሬት በኋላ ያለው የምርምር ልምድ ከ8 ዓመት እንዳይበልጥ ይጠይቃል።

ከአፍሪካ ሳይወጡ መሥራት ከፈለጉ የኬሚስትሪ ተመራማሪው ኬሊ ቺባሌ እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱትን ኤች ስሪ ዲ (H3D) የተባለ የመድኃኒት ግኝት ማዕከል አጥብቄ እመክራለሁ፤ ማዕከሉ ከአጋሮቹ ጋር ያገኘው ኤምኤምቪ048 የተባለ የወባ ውህድ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል።

የማመልከቻ ደብዳቤዎ ላይ ግን ይጠንቀቁ። «የቅጠሉ ጭማቂ በአይጥ ደም ውስጥ ፕላዝሞዲየም በርጌይን ቀነሰ» የሚል ውጤት (በርጌይ አይጦችን የሚያጠቃ የወባ ጥገኛ ነው) ከየዩኒቨርሲቲያችን በብዛት ስለሚወጣ፣ ብቻውን ዓይን አይስብም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ከጭማቂው ውስጥ የትኛውን ውህድ ለይተው እንዳጠሩ፣ የጥገኛውን እድገት በግማሽ የሚገታው መጠን ስንት እንደሆነና የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያጠቃ ነው። እዚያ ካልደረሱ፣ ቀሪውን ሥራ የምርምር ዕቅድዎ ያድርጉት፤ ፕሮቲን የማጥራትና የኢንዛይም ፍጥነት የመለካት ልምድዎንም በዝርዝር ያስፍሩ (መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ ኢንዛይም ሳይበላሽ ማቆየት ራሱ ሙያ ነው)።