6600 ወይስ 3050? ሁለቱንም ተጠቅሜያቸዋለሁ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና 1080ፒ የሆነ ባለ 75 ኸርዝ ሞኒተር አለህ። አሮጌውን ግራፊክስ ካርድህን፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን፣ አውጥተህ ወይ የኤኤምዲን አርኤክስ 6600 ወይ የኤንቪዲያን አርቲኤክስ 3050 ማስገባት ትፈልጋለህ። በብዛት ጌም ነው የምትጫወተው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ትሞካክራለህ።

ለጌም ከሆነ 6600ን ውሰድ። ሁለቱንም እዚሁ የራሴ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼባቸዋለሁ። 3050ን ዓመት ገደማ ቆየሁበት፤ 6600 አሁንም ኬዜ ውስጥ አለ። ነገር ግን ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት እኔ የተሸወድኩበትን ልንገርህ፤ አንተ እንዳትደግመው።

3050 የሚባለው ካርድ አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣው ባለ 8 ጊጋው ነው። 2560 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች) አለው፣ የሜሞሪ መስመሩ 128 ቢት ነው፣ እስከ 130 ዋት ይወስዳል። በ2024 ደግሞ ባለ 6 ጊጋ መጣ። ስሙ ያው 3050 ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ኮሩ ወደ 2304 ወርዷል፣ የሜሞሪ መስመሩ 96 ቢት ሆኗል፣ የሚወስደው ኃይል ደግሞ 70 ዋት ብቻ ነው። ሰው ሲያየው «2 ጊጋ ብቻ ነው የቀነሰው» ይላል። ሜሞሪው በሰከንድ የሚያመላልሰው ዳታ ግን ከ224 ወደ 168 ጊጋባይት ወርዷል። ጌም ላይ በደንብ ይታወቅሃል።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ይህንን ነበር። ካርቶኑ ላይ ያየሁት 3050 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። ከካርቶኑ ሳወጣው የኃይል ገመድ መሰኪያ የለውም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ገመድ ከማስተካከል ተገላገልኩ ብዬ። ከሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ያንኑ ጌም በዚያው ሴቲንግ ስንጫወት የሱ ካርድ ያለ ችግር ይሄዳል። እሱም 3050 ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፈትንና የሜሞሪ መስመሩን ስፋት የሚያሳየውን ቦታ አየን። የሱ 128 ይላል። ቤቴ ገብቼ የራሴን ስከፍተው 96። ያቺን ቁጥር ሳያት ሆዴ ነው የባባው። ሻጩን ስጠይቀው «ያው 3050 ነው» አለኝ። ገንዘብ ጨምሬ በባለ 8 ጊጋው ቀየርኩት። ስለዚህ «3050» ሲሉህ መጀመሪያ ስንት ጊጋ እንደሆነ ጠይቅ። ሰው የተጠቀመበት ካርድ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ጂፒዩ-ዚን አስከፍተህ በዓይንህ እይ።

ከዚህ በኋላ 3050 ስል ባለ 8 ጊጋውን ነው።

ወረቀት ላይ ስታያቸው 3050 የሚበልጥ ይመስላል። የሱ 2560 ኮር ነው፣ 6600 ያለው 1792 ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ኮር አሠራሩም አቆጣጠሩም የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ምንም አይነግርህም። 6600 የሚሮጥበት ፍጥነት ከፍ ያለ ነው፤ እስከ 2491 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። 3050 በፋብሪካ ሴቲንጉ 1777 ላይ ነው። በሜሞሪ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 8 ጊጋ፣ ሁለቱም 128 ቢት። ግን 6600 ቺፑ ላይ 32 ሜጋባይት ኢንፊኒቲ ካሽ አለው። ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን ዳታ ሜሞሪ ድረስ ሳይመላለስ እዚያው ያገኘዋል። 1080ፒ ላይ ይህ ካሽ በጣም ይጠቅመዋል።

በብዙ ጌሞች ላይ 6600 ሩብ ያህል ይበልጣል። ቀለል አድርጌ ልንገርህ። 3050 በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) የሚሰጥበት ቦታ ላይ 6600 ወደ 75 ይጠጋል። ያንተ ሞኒተር ደግሞ 75 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም፣ ስክሪንህ ላይ ታየዋለህ። እንደ ቫሎራንት እና ጂቲኤ 5 ያሉትን ሁለቱም ያለ ጭንቀት ያጫውቱሃል፤ ለነሱ ብለህ አትጨነቅ። ልዩነቱ የሚወጣው ከባድ ከባድ በሆኑት አዳዲስ ጌሞች ላይ ነው።

«3050 ግን ዲኤልኤስኤስ አለው» የሚሉህ ሰዎች ይኖራሉ። ልክ ናቸው፣ አለው፤ ካርዱ አነስ ያለ ምስል ሠርቶ የሚያሳድግበት የኤንቪዲያ ዘዴ ነው። ጥሩም ነገር ነው። 6600 በኤፍኤስአር፣ በኤኤምዲው ተመሳሳይ ዘዴ፣ ነው የሚሄደው፤ እሱ በሁለቱም ካርድ ላይ ይሠራል። ምስሉን አስተያይተህ ካየኸው ዲኤልኤስኤስ የጠራ ነው። እኔ በደንብ ያየሁት የሽቦ አጥር ላይ ነው። በኤፍኤስአር መኪና እየነዳህ ስታልፍ የአጥሩ ሽቦ ይንቀጠቀጣል፣ ብልጭ ድርግም ይላል። በዲኤልኤስኤስ ረጋ ይላል። ፀጉርና ሣር ላይም እንደዚያው።

ነገር ግን አንድ ነገር አስብ። 1080ፒ ሞኒተር ላይ ሁለቱንም «ኳሊቲ» ላይ ስታደርጋቸው ካርዱ በትክክል የሚሠራው 720ፒ ምስል ነው፤ ከዚያ ነው የሚያሳድገው። ከዚያ ትንሽ ምስል ተነስቶ የትኛውም ተአምር አይሠራም። እኔ የምመርጠው 6600 ላይ ጥላውንና ነጸብራቁን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጌ በሙሉ 1080ፒ መጫወት ነው። ምስሉ ጥርት ይላል፣ ፍሬሙም አይወርድም። የ3050 ዲኤልኤስኤስ ደግሞ ፍሬም ጀነሬሽንን (በፍሬሞች መሃል ተጨማሪ ፍሬም መፍጠርን) አይጨምርም፤ ኤንቪዲያ ያንን የጀመረው ከ40 ተከታታይ ካርዶቹ ነው።

ሬይ ትሬሲንግን (ብርሃንና ነጸብራቅን እንደ እውነቱ የሚያሰላውን አሠራር) እርሳው። በዚያ በኩል 3050 አሠራሩ የተሻለ ነው፣ ግን እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ባለ ከባድ ጌም ላይ ስታበራው ሁለቱም ያነክሳሉ።

አሁን ወደ ብሌንደር። እዚህ ላይ ሐሳቤ ይቀየራል። 3050 በኦፕቲክስ (በኤንቪዲያው መንገድ) ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣ፣ 6600ን ይቀድመዋል፤ 6600 በኤችአይፒ (በኤኤምዲው መንገድ) ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። ሌሎች ብዙ የሥራ ፕሮግራሞችም ኩዳን፣ የኤንቪዲያን የስሌት ሥርዓት፣ ነው የሚፈልጉት። ጌም እየተጫወትክ በኦቢኤስ ፕሮግራም ቀጥታ የምታስተላልፍ ከሆነም የኤንቪዲያው ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል) በኤች264 ቅርጸት የተሻለ ምስል ይሰጥሃል። «አልፎ አልፎ» ያልከው በወር አንዴ ከሆነ ግድ የለም፣ 6600 ይበቃሃል። ብሌንደርን የምር ተምረህ ሥራ ልትሠራበት ካሰብክ ግን 3050ን ብትወስድ አልቃወምህም።

ፓወር ሰፕላይህን ግን ፈትሽ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። 6600 132 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ኤኤምዲ የሚመክረው 450 ዋት ነው። ስለዚህ በቁጥር ይበቃሃል። ለ3050 ኤንቪዲያ 550 ዋት ነው የሚለው፤ የሚወስዱት ግን ተቀራራቢ ነው። ዋናው ጥያቄ ገመዱ ነው። አብዛኛው 1050 ቲአይ ኃይል የሚወስደው ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው እስከ 75 ዋት ነው። 6600 ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። ኬዝህን ከፍተህ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ «ፒሲአይ» የተጻፈበት ባለ 8 ወይም ባለ 6+2 ፒን ገመድ ካለ እይ። ከሌለ «ኮንቨርተር አለ» ብለው የሃርድ ዲስክ ሳታ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር ነገር እንዳይሰጡህ። የሳታ ራስ የተሠራው ለ54 ዋት ገደማ ነው፤ 8 ፒኑ ደግሞ እስከ 150 ዋት ሊጠየቅበት ይችላል። ይቀልጣል፣ ከዚያም ያቃጥላል። ገመዱ ከሌለህ ወይ ፓወር ሰፕላዩን ቀይር፣ ወይ ደግሞ ያን ባለ 6 ጊጋ 3050 አስብ። እሱ ቦታ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል ወስዶ ይሠራል። ሰው ምን እንደሆነ አውቆ ከገዛው ክፉ ካርድ አይደለም።

ስለ ማዘርቦርድህ ደግሞ፣ ቢ450 ላይ ካርዱ የሚሰካበት መስመር ፒሲአይ 3 (ሦስተኛው ትውልድ) ነው። ሁለቱም ካርዶች በ8 መስመር ብቻ ነው የሚገናኙት። ትንሽ ይቀንስብሃል፣ ግን የሚያስጨንቅ አይደለም። ባዮስህን (የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም) አድሰህ «ሪሳይዘብል ባር» የሚለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ እንዲደርስበት የሚያደርገውን፣ ብታበራው 6600 ላይ ጥሩ ጭማሪ ታገኛለህ። ራምህን አልጻፍክም። አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ብቻ ከሆነ ጥንድ አድርገው፤ አለበለዚያ ካርዱ ጥሩ ሆኖ ጌሙ ይቆራረጥብህና ካርዱን ትወቅሳለህ።

ስትቀይር ከኤንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ ስለምትሄድ አሮጌውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ ገብተህ በዲዲዩ (ድራይቨር የሚያጠፋ ፕሮግራም ነው) አጽዳው፣ ከዚያ ነው ካርዱን የምታወጣው። የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰካ፤ ራይዘን 5 3600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካኸው ስክሪኑ ጨለማ ነው የሚሆነው። ዊንዶውስ ውስጥ ገብተህ ሞኒተሩ 75 ኸርዝ ላይ መሆኑንም እይ፤ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይቆማል። ዴስክቶፕ ላይ ሆነህ የካርዱ ፋን ቢቆም ደግሞ እንዳትደነግጥ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ሥራ ሳይበዛባቸው ፋኑን ያቆሙታል፤ ጌም ስትከፍት መዞር ይጀምራል።

አሁን ኬዝህን ክፈትና የፓወር ሰፕላዩን ጎን ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፒር እንደሚሰጥ አብረን እናየዋለን፤ ከዚያ በፊት ምንም እንዳትገዛ።