ማርሽ ቀያሪ ውጊያዎች፦ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሳኝ ውጊያዎች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። ቀኖቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ፤ እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ሌላው፣ «ወሳኝ» ስትሉ በየትኛው ግንባር እንደሆነ ግለጹልኝ። ምሥራቅ አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ ፓስፊክና አትላንቲክ የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው።

አቤል፦ ጋሼ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ወሳኝ ውጊያ የትኛው ነው?

መላሽ፦ በየትኛው ግንባር? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ሕይወት፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጀርመኖች ስታሊንግራድ ላይ የተሸነፉት በብርዱ ምክንያት ነው ሲባል እሰማለሁ። ትክክል ነው?

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል፤ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ። ብርዱ ለሩሲያ ወታደርም ብርድ ነበር። ጀርመንን የጣላት ደጀኗ ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጭነት ስምሪት ሥራ ነው፤ ስለ አንድ ውጊያ ሳነብ አስቀድሜ የምፈልገው የጄኔራሉን ስም ሳይሆን ስንቁ በየት በኩል እንደመጣ ነው።

የጀርመን 6ኛ ጦር ቮልጋ ወንዝ የደረሰው ኦገስት 23 ቀን 1942 ነው። የሩሲያ ሐዲድ ከጀርመኑ በ9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የጀርመን ባቡር ወደ ምሥራቅ እንዲዘልቅ ሐዲዱ እየተነቀለ እንደገና መጥበብ ነበረበት። ባቡሩ ከቆመበት ወዲያ ያለውን ጭነት በብዛት የሚጎትተው ፈረስ ነው። ፊልም ላይ ታንክ ብቻ ስለምናይ ይረሳል እንጂ አብዛኛው የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር መድፉንና ጓዙን የሚያንቀሳቅሰው በፈረስ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ለፈረስ የሚሆን መኖ ማድረስ ስላልተቻለ አብዛኞቹ የ6ኛው ጦር ፈረሶች ብርዱ ሳይበረታ ወደ ምዕራብ ተላኩ። ኖቬምበር 19 ቀን ሶቪየቶች መልሶ ማጥቃት ጀመሩ፤ በአምስተኛው ቀን ከበባውን ዘጉ። ጦሩ ከበባው ውስጥ ቀረ፤ ፈረሶቹ ከከበባው ውጭ። ሂትለር ሰብራችሁ ውጡ ብሎ ቢፈቅድ እንኳ ከባዱ መድፍ በምን ይጎተታል?

የተሰበረውም ከተማው ውስጥ የነበረው ጦር አይደለም። ግራና ቀኙን የያዙት የሩማንያ 3ኛና 4ኛ ጦር ናቸው፤ ከነበራቸው ፀረ ታንክ መድፍ አብዛኛው 37 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሶቪየቱን ቲ-34 ታንክ ብረት የሚበሳ አልነበረም። የሩማንያ አዛዦች ይህን ደጋግመው አመልክተው ነበር። ከዚያ የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግ ጦሩን በአየር እቀልባለሁ ብሎ ቃል ገባ። ቢያንስ በቀን 500 ቶን ተጠይቆ በአማካይ የደረሰው የዚያ ሩብ ያህል ነው። ዋናው ማረፊያ ፒቶምኒክ ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 ሲያዝ ተስፋው ተሟጠጠ። የ6ኛው ጦር አዛዥ ፓውሉስ ጃንዋሪ 31 ተማረከ፤ በሰሜን በኩል የቀሩት ደግሞ ፌብሩዋሪ 2 እጅ ሰጡ። ከተማረኩት 91 ሺህ ያህል ሰዎች አገራቸውን መልሰው ያዩት 5 ወይም 6 ሺህ ቢሆኑ ነው።

ሳሙኤል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የስታሊንን ጭካኔ ዘለሉት። «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የለም» የሚለው ትእዛዝ ቁጥር 227 የወጣው በጁላይ 1942 ነው። ወታደሩ ከኋላው መትረየስ ስለተደገነበት ነው ጸንቶ የተዋጋው።

ዳዊት፦ በጭካኔ ቢሆን ኖሮ በ1941 ኪየቭ ላይ ያ ሁሉ ጦር ባልተከበበም ነበር። ጀርመኖች ከ600 ሺህ በላይ ማረክን ያሉት እኮ በዚያው በስታሊን ዘመን ነው።

ሳሙኤል፦ ኪየቭ ላይ አናፈገፍግም ብሎ ያስከበባቸውም እሱው ነው። የአንተ ምሳሌ የእኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው።

ዳዊት፦ አያጠናክርም። በ1942 ጄኔራሎቹን መስማት ስለጀመረ ነው ያሸነፈው። ዡኮቭና ቫሲሌቭስኪ ዕቅዱን ሲያወጡ ታግሷቸዋል።

መላሽ፦ የዳዊት ሐሳብ ለእውነት ይቀርባል። ትእዛዙ ነበር፤ የተረሸኑም ነበሩ፤ ነገር ግን ከበባ የሚዘጋው በነዳጅና በጥይት ነው። ይብቃችሁና ለሌሎች ዕድል ስጡ።

ትዕግሥት፦ ፓስፊክ ላይ ስለተደረገው የሚድዌይ ውጊያ ቢነግሩን?

መላሽ፦ የባሕር ውጊያ የእኔ መስክ አይደለምና በአጭሩ። ጁን 4 ቀን 1942 ጃፓን አውሮፕላን የሚጭኑ አራት መርከቦቿን፣ አካጊን፣ ካጋን፣ ሶርዩንና ሂርዩን አጣች። ሦስቱ የተመቱት በደቂቃዎች ልዩነት ነው። አሜሪካውያን የጃፓንን ምስጢራዊ መልእክት ፈትተው ስለነበር ቦታውን አውቀው ጠበቋቸው። እኔን የሚገርመኝ የዮርክታውን ነገር ነው። በኮራል ባሕር ውጊያ የተጎዳችው መርከብ ፐርል ሐርበር ገብታ በሦስት ቀን ገደማ ተጠግና ለሚድዌይ ደረሰች። በኋላ ብትሰምጥም የመርከብ ጠጋኞቹን ድርሻ ማንም አያነሳውም።

ሳሙኤል፦ ሚድዌይ ሳይሆን በፓስፊኩ ደሴት በጓዳልካናል የተደረገው ነው ወሳኙ። ጃፓን የማትተካቸውን አብራሪዎች የጨረሰችው እዚያ ነው።

መላሽ፦ ሊያከራክር ይችላል። በሌላ ቀን።

ዳዊት፦ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ የስታሊንግራድ ውጊያ በ1935 ተጀመረ ይላል። ጣሊያን እኛን የወረረውም በ1935 ነው። በአንድ ዓመት ነው እንዴ?

መላሽ፦ ያስጠነቀቅኩት ይህንኑ ነበር። መጽሐፉ የሚለው 1935 ዓ.ም. ነው። ሶቪየቶች መልሶ ማጥቃት የጀመሩበት ኖቬምበር 19 ቀን 1942 በእኛ ኅዳር 10 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ወረራ ደግሞ ኦክቶበር 1935፣ በእኛ 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ሰባት ዓመት አለ። ቁጥር ስትጽፉ አቆጣጠሩን ጻፉ!

አቤል፦ ጋሼ፣ በአጠቃላይ ግን ወሳኙ የትኛው ነው?

መላሽ፦ «በአጠቃላይ» የሚባል ግንባር የለም።

ዘጎንደር፦ ግብጽ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ የጀርመኑ አዛዥ ሮሜል የተሸነፈው ስለታመመ ነው ይባላል። እኛ አገር የተካሄደውስ ጦርነት በዓለም ጦርነቱ ላይ ያመጣው ለውጥ አለ?

መላሽ፦ ሁለቱ ጥያቄዎች እንደሚገናኙ አውቀህ ከሆነ የጠየቅኸው ጎበዝ ነህ። ውጊያው ኦክቶበር 23 ቀን 1942 ሲጀመር ሮሜል ኦስትሪያ ውስጥ በሕክምና ላይ ነበር። ተተኪው ጄኔራል ሽቱመ በማግስቱ ልቡ ቆሞ ሞተ። ሮሜል ግን ወዲያው ተመልሷል። ተመልሶ ያገኘው ነዳጅ የሌለው ጦር ነው። ከትሪፖሊ እስከ ኤል አላሜይን 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነዳጅ የሚያመላልሰው መኪና ከጫነው ብዙውን ራሱ እየጠጣው ይደርሳል። ቅርቡ ወደብ ቶብሩክ ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ይደበደባል። ፕሮሰርፒና እና ቴርጄስቴያ የተባሉት ነዳጅና ጥይት የጫኑ መርከቦች ኦክቶበር 26 ቶብሩክ ሊገቡ ሲቃረቡ ተመትተው ሰጠሙ። የእንግሊዙ አዛዥ ሞንትጎመሪ ግን ከእስክንድርያ የሚርቀው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኤል አላሜይንም ራሷ የባቡር ጣቢያ ናት።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ። ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች 27 ቀን 1941 ከረን ላይ የተደረገውን ውጊያ አስቡ። ጣሊያኖች የዶንጎላስን ጠባብ መተላለፊያ በፍንዳታ ቋጥኝ ደፍነው ከተራራው ላይ ያዩታል። የሚወጣባቸው የሕንድ 4ኛና 5ኛ ክፍለ ጦር ነው። በጣሊያን በኩል ተሰልፈው የሞቱት ኤርትራውያን አስካሪዎችም ብዙ ናቸው። ከረን ስትወድቅ አስመራ፣ ኤፕሪል 8 ደግሞ ምጽዋ ተያዘች። ከሦስት ቀን በኋላ ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦርነት ቀጣና አይደለም ብሎ አወጀ። አሜሪካ ገና ገለልተኛ ስለነበረች የንግድ መርከቦቿ ወደ ጦርነት ቀጣና እንዳይገቡ ሕግ ይከለክል ነበር። በዚያ አዋጅ ምክንያት የአሜሪካ መርከብ ስንቅና ትጥቅ ጭኖ በቀጥታ ስዊዝ መድረስ ቻለ። በ1942 ለሞንትጎመሪ ጦር የተላኩት 300 ያህል ሸርማን ታንኮችም አፍሪካን ዞረው የገቡት በዚሁ ባሕር ነው። እንግዲህ የኤል አላሜይን ታሪክ የሚጀምረው ከከረን ተራሮች ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው አለመብዛቱ ያሳዝነኛል።

የአርበኛ ልጅ፦ አቶ መላሽ፣ እንግሊዝ ነጻ አወጣችን ማለትዎ ነው? አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋደቀው አባቴ የት ሄደ?

ዘጎንደር፦ እንዲያ አላሉም። ስለ ከረን ነው የጻፉት።

የአርበኛ ልጅ፦ የተጻፈውን አይቻለሁ። አርበኛ የሚል ቃል የለበትም።

መላሽ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ልመልስልዎ። በጎጃም፣ በሸዋና በበጌምድር አርበኛው መንገድ እየቆረጠ ምሽግ ስለሚያስጨንቅ ብዙ የጣሊያን ሻለቆች ያሉበትን ትተው ወደ ሌላ ግንባር መሄድ አይችሉም ነበር። አንድ የጣሊያን አዛዥ ስንቅ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ለማድረስ ሲፈልግ መኪናውን የሚያጅብ ወታደር ይመድባል፤ ያ ወታደር ከረን ላይ አይገኝም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በጎጃም በኩል የመጡበትን መንገድ ያስከፈተውም በአብዛኛው የአርበኛው ክንድ ነው። የአባትዎ ድርሻ በዓለም ጦርነቱ ሒሳብ ውስጥ አለ፤ የሌለው በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ነው።

የአርበኛ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ትዕግሥት፦ ኩርስክስ? ከታንክ ውጊያ ሁሉ ትልቁ አይደል?

መላሽ፦ ጁላይ 5 ቀን 1943 ጀርመን አጠቃች። ሶቪየቶች አስቀድመው አውቀው፣ ፈንጂ ቀብረው፣ ምሽግ በምሽግ ላይ ደርበው ጠበቁ። ከሳምንት በኋላ ሂትለር ማጥቃቱን አስቆመው። ታንክ መቁጠር ለሚወዱ ትቼዋለሁ።

ሕይወት፦ ሶቪየት ያለ አሜሪካ እርዳታ ታሸንፍ ነበር?

መላሽ፦ ስታሊንግራድ ላይ እርዳታው ገና ትንሽ ነበር፤ ያን ድል ለአሜሪካ መኪና የሚሰጥ ሰው ቀኑን አላየም። ከ1943 በኋላ ግን ሌላ ነው። በጠቅላላው ከ400 ሺህ በላይ የጭነት መኪናና ጂፕ ተልኳል። በ1944 የበጋ ወራት፣ እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ፣ ቀይ ጦር ከቤላሩስ ተነስቶ በአምስት ሳምንት ገደማ ቪስቱላ ወንዝ ሲደርስ ከታንኩ ኋላ ጥይትና ነዳጅ የሚያደርሰው በብዛት ስቱድቤከር የተባለው የአሜሪካ ጭነት መኪና ነበር። ያለ እርዳታው ታሸንፍ ነበር ወይ? ይመስለኛል፤ ጊዜው ግን ይረዝም ነበር፤ የሚሞተውም ይበዛ ነበር።

አቤል፦ እሺ ጋሼ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ግንባር ወሳኙ የትኛው ነው?

መላሽ፦ አሁን ጠየቅህ። ስታሊንግራድ ጀርመን እንደማታሸንፍ አረጋገጠ፤ ፈጥና የማሸነፍ ዕድሏ ግን ያመለጣት ከዚያ ቀድሞ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1941 ሞስኮ በር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ምረጥ ካልከኝ ሞስኮን እመርጣለሁ።

ዘጎንደር፦ በዚያው ሰሞን እኮ ጎንደር ላይ ጣሊያን እጅ ሰጥቷል። የጎንደር መከላከያ ምሽግ የነበረው ቁልቋልበርስ?

መላሽ፦ ልክ ነህ። ቁልቋልበር ኖቬምበር 21 ተያዘ፤ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ ኖቬምበር 27 ቀን 1941 እጅ ሰጠ። ስንቅ የሚመጣበት ወደብ ከተዘጋ ወራት አልፎታል። ይህ ግን የአንድ ምሽት ወግ አይደለም፤ ካርታ አዘጋጅቼ ለብቻው እመለስበታለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከወዲሁ ጻፉልኝ፤ አቆጣጠሩን እንዳትረሱ።