በየቀኑ መሬት ስለመርገጥ ለጠየቅሽው፣ የ6 ዓመት ልምዴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩትና ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እንደምትውዪ፣ ማታ ጋደም ስትዪ ሐሳብ እንደሚወርሽ ጽፈሻል። ከመሬት ጋር መገናኘት የሚባለው ነገር የእውነት ይሠራል ወይ፣ ከሠራስ ለምን ብለሻል። ፎቅ ላይ እንደምትኖሪና ጊዜ እንደሌለሽም ነግረሽናል። ኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ምንጣፍ ልግዛ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ባለሙያ አይደለሁም። ግን 6 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያደረግኩት ነገር ስለሆነ የጠቀመኝንም ያልጠቀመኝንም ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

እኔ አስቤበት አይደለም የጀመርኩት። ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። ያኔ ቤታችን ውስጥ ከባድ ሕመም ገብቶ ነበር። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ልቤ ሌላ ቦታ። ሰው ያናግረኛል፣ "እሺ፣ እሺ" እላለሁ፤ የሰማሁት ነገር ግን የለም። አንድ ቀን ስልኬን እያየሁ ደረጃ ስወርድ የመጨረሻዋን ደረጃ ሳትኳት። እግሬን ወለም አለኝ። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ለሳምንታት አነከስኩ።

እብጠቱ ሲቀንስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንድ ልምምድ ሰጠችኝ። ጫማ አውልቆ በአንድ እግር መቆም። መጀመሪያ ወለል ላይ፣ ቀጥሎ ሣር ላይ። እስከ 30 ሰከንድ። ወለም ያለው እግር ሚዛን የሚጠብቅበት ስሜቱ ይደክማል፣ እንደገና መማር አለበት አለችኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሣር ላይ 4 ሰከንድ መቆም አቃተኝ። ስለ ሥራዬ ማሰብ ስጀምር ወዲያው ያንገዳግደኛል። ቀልቤን እግሬ ላይ ሳደርግ እቆማለሁ። ያን ዕለት ጠዋት፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ጭንቅላቴ ጸጥ አለ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጸጥታው ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ቁርጭምጭሚቴ ከዳነ በኋላም መቆሙን አልተውኩትም።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የምመክርሽ አንድ ቦታ እንድትመርጪ ነው። አንድ ብቻ። ቅርብ ይሁን፣ በየቀኑ እዚያው ሂጂ። ተፈጥሮ ሲባል ብዙዎቻችን ሩቅ ያለ ጫካና ተራራ ይታየናል። ከዚያ ጊዜ የለኝም እንልና እንተወዋለን። በዓመት አንዴ ከሚወጡት ተራራ ይልቅ በየቀኑ የሚረግጧት አንዲት ክንድ መሬት ሰውን ታረጋጋለች ብዬ አምናለሁ። የእኔዋ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ ዛፍ ሥር ነች። ሁለት ሰው ቢቆምባት ትጠባለች። ግማሿ ሣር፣ ግማሿ ባዶ አፈር ነው። ማንም ልብ ብሎ አያያትም። እኔ ግን ሥሩ ከአፈሩ ብቅ ያለበትን ቦታ በጨለማ እንኳ በእግሬ አገኘዋለሁ።

ጠዋት ስልኬን ሳልነካ እወርዳለሁ። ይቺን ነገር በቀላሉ አትለፊያት። አንድ መልእክት እንኳ አይቼ ከወረድኩ እግሬ ሣር ላይ ይሆንና እኔ ለመልእክቱ መልስ እያዘጋጀሁ ነው። ጫማዬን አወልቅና ዝም ብዬ እቆማለሁ። ክብደቴ የት ላይ እንዳረፈ አያለሁ። ደህና ቀን ከሆነ ተረከዜ ላይ ነው። ጭንቀት ካለብኝ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጣቶቼ አፈሩን ቆንጥጠው ይይዙታል። ይህን ልብ ስል ብቻ ጣቶቼ በራሳቸው ይላላሉ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እላለሁ፣ መሃሉን እስካገኘው ድረስ። በግራ እግሬ ጤዛ ያለበትን ሣር፣ በቀኜ ባዶውን አፈር እረግጣለሁ። ሣሩ ቅዝቃዜው እስከ ባቴ ይነዝረኛል። አፈሩ ለስለስ ያለ ነው፣ ቅዝቃዜውም እንደ ሣሩ አይደለም። አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ ሲሆን ልዩነቱ ራሱ ሐሳብሽን ይይዝልሻል።

ቀጥሎ 10 ትንፋሽ። ሳስገባ እስከ 4፣ ሳስወጣ እስከ 6 እቆጥራለሁ። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ስናስወጣ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ የሚወጣውን ማስረዘም ልብ የሚያርፍባትን ጊዜ ማስረዘም ነው። የእጅሽ አንጓ ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ራስሽ ልታዪው ትችያለሽ። ጊዜ የለኝም ስላልሽ ደግሞ ይህን ያዢ፤ በዚህ አቆጣጠር 10 ትንፋሽ ከ2 ደቂቃ በታች ነው።

በመጨረሻ ቁጢጥ ብዬ መዳፌን አፈሩ ላይ አደርግና የማየውን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጉንዳን የንብ ክንፍ ተሸክማ ስትሄድ አየሁ። ክንፉ ከእሷ ይበልጣል። ነፋሱ ሽው ባለ ቁጥር ክንፉ እንደ ጀልባ ሸራ ይወጠርና ይገለብጣታል። ሦስቴ ተገለበጠች። አራተኛው ላይ ክንፉን ጥላ ዞር አለችና በሌላኛው ጫፍ ያዘችው፣ ወደ ኋላዋ እየሄደች ትጎትተው ጀመር። ነፋሱ ከዚያ በኋላ አልጣላትም። ተነሥቼ ሰዓቴን ሳይ 9 ደቂቃ ሄዷል፤ ስለዚያ ቀን ስብሰባ አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

ለምን ይሠራል ላልሽው፣ እኔ ምሥጢር አድርጌ አላየውም። አንድ እግር ብቻውን 26 አጥንት አለው። የውስጥ እግራችን ቆዳ ደግሞ ጫናን፣ ንዝረትንና የቆዳን መወጠር የሚለዩ ነርቮች በብዛት ያሉበት ነው። አንጎል ሰውነትን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ከዚያ በሚደርሰው ወሬም ጭምር ነው። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርገን፣ ልሙጥ ወለል ላይ ስንውል ያ ወሬ ይደበዝዛል። እርጥብና ኮረኮንች መሬት ስትረግጪ ግን ብዙ ወሬ በአንዴ ይመጣል፣ ቀልብሽም ወደዚያው ይሳባል። ጭንቀት ያለው ወይ ትናንት ላይ ነው ወይ ነገ ላይ፤ እግር ግን ሁልጊዜ አሁን ላይ ነው።

ጥናት የምትወጂ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ባለበት ቦታ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችን ጥሩ ነው፣ ደህና ነን የሚሉበት ዕድል ከማይወጡት ሰዎች የበለጠ ነበር። በአንድ ቀን ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ምክንያቱ መውጣቱ ራሱ ነው ብሎ አያረጋግጥም፤ ጤነኛ ሰው ይበልጥ ስለሚወጣም ሊሆን ይችላል። ግን 120 ደቂቃን ለ7 ስታካፍዪው በቀን 17 ደቂቃ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ምንጣፉ። እኔም ገዝቼ ነበር። ከመሬት የሚመጣ ኤሌክትሮን ወደ ሰውነት ይገባል፣ እንቅልፍ ያስተካክላል፣ ብግነት ይቀንሳል ብሎ ነው ሻጩ የሸጠልኝ። ለ2 ወር ተኛሁበት፣ ምንም የተለየ ነገር አላየሁም። በኋላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ቤት መጥቶ ሶኬቱን ሲፈትሽ ምንጣፉን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ ጭራሽ አልተገናኘም። ለ2 ወር ከምንም ጋር ሳልገናኝ ነው የተኛሁት። ከዚያ ጥናቶቹን ፈልጌ አነበብኩ። አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹን የሠሩት ሰዎች ደግሞ ዕቃውን ከሚሸጥ ድርጅት ጋር የገንዘብ ግንኙነት ነበራቸው። ስለዚህ ገንዘብሽን አታውጪ። የሚያሳዝነኝ፣ በእንቅልፍ ማጣት የተሰቃየ ሰው ተስፋውን በሽቦ እንዲገዛ መደረጉ ነው።

ሌላው ስህተቴ ብዙ መጀመሬ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ በዳነ ሰሞን በቀን 40 ደቂቃ ብዬ ተነሣሁ። በ11ኛው ቀን 40ው አቃተኝ። የያዘልኝ ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ስል ነው። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን 1 ደቂቃም አድርጌ አውቃለሁ። ቀኑ አይዝለል እንጂ ደቂቃው አያስጨንቅሽ።

ፎቅ ላይ ለምትኖሪው፣ አንድ ሰፋ ያለ ሳህን ወይም ጎድጓዳ ማሰሮ አፈር ሙዪና በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አስቀምጪ። የሆነ ነገር ዝሪበት፣ ምንም ይሁን። ጠዋት ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢና ላዩና ውስጡ ምን ያህል እንደሚለያይ እይ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ውኃ አትጨምሪ። እንዲህ እያልሽ አንድን አፈር ታውቂዋለሽ። ሁለተኛው ጥላ ነው። ጠዋት ፀሐይ መስኮትሽ ላይ ካለች፣ ወለሉ ላይ የጥላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጠጠር አስቀምጪ። ቁርስሽን በልተሽ ስትመለሺ ጥላው ከጠጠሩ ርቋል። የሄደችው ግን ፀሐይ አይደለችም። ምድር ናት፣ በሰዓት 15 ዲግሪ እየዞረች፣ አንቺንም ፎቁንም ይዛ። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ።

ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ሥራሽን ትተሽ መስኮት ክፈቺ፣ እባክሽ። ያ የአፈር ሽታ ስም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ፔትሪኮር ብለው ሰየሙት። ከሽታው ውስጥ ዋነኛው ጂኦስሚን የሚባል፣ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር ነው። ጠብታው ደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ ሥሩ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው እየፈነዳ ሽታውን ወደ ላይ ይረጨዋል። አፍንጫችን ጂኦስሚንን ከትሪሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ይለየዋል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዘን መስኮት ዘግተን መቀመጣችን ይቆጨኛል።

ጥንቃቄም አለው። ስኳር ካለብሽ ወይም እግርሽ የሚደነዝዝ ከሆነ ባዶ እግር ይቅርብሽ፣ ቁስል ሳታውቂው ያመረቅዛል። በእጅሽ ንኪ፣ በቂ ነው። ሰገራ ሊኖርበት የሚችል አፈር ላይ ጫማ አታውልቂ፤ የመንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ጥገኛ እጭ በቆዳ በኩል ይገባል። የቴታነስ ክትባትሽ ጊዜው እንዳላለፈ እይ፣ መጀመሪያ ቀን ደግሞ ቦታውን ለስባሪ ጠርሙስና ለሚስማር በደንብ ፈትሺው። ነጎድጓድ ከሰማሽ ግቢ፣ የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ 30 ደቂቃ እስኪሞላው አትውጪ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ወይም መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ። እኔም ሄጃለሁ። መሬት መርገጡ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሄደ እንጂ አልተካውም።

ማታ ሐሳብ ሲወረኝ የማደርገውን ልንገርሽና ላብቃ። በጀርባዬ ተኝቼ ከተረከዜ እጀምራለሁ። ተረከዜ ፍራሹን የሚነካበትን ቦታ እፈልጋለሁ፣ ክብደቱን ለፍራሹ እለቀዋለሁ። ፍራሹ አልጋው ላይ ነው፣ አልጋው ወለሉ ላይ፣ ወለሉ ግድግዳው ላይ፣ ግድግዳው መሠረቱ ላይ፣ መሠረቱ አፈሩ ላይ። እስከ ታች ድረስ በሐሳቤ ወርጄ እመለስና ወደ ባቴ አልፋለሁ። ባቴንም እንደዚያው እለቀዋለሁ። አትቸኩዪ፣ ሐሳብሽ ሸርተት ካለ ተረከዝሽ ጋ ተመለሺና እንደገና ጀምሪ። እስከ ጭንቅላቴ መድረስ ነበር ዓላማዬ፤ አብዛኛውን ቀን ግን ከጉልበቴ ሳላልፍ ይነጋል።