ጥያቄና መልስ፦ ኢንቨርተር ሲነሣ የሚጮኸው ሞንታርቦ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የባህል ምሽት ቤት አለኝ። መብራት ሲሄድ ሚክሰሩን፣ አምፕሊፋየሩንና ላፕቶፑን በ12 ቮልት ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት በሚለውጥ የ1,000 ዋት ኢንቨርተር አሠራለሁ። በመብራት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ኢንቨርተሩ ሲነሣ ግን ሞንታርቦዎቹ «ዝዝዝ» ማለት ይጀምራሉ፤ አዝማሪው መሰንቆውን ዝግ ሲያደርግ ከዜማው ይልቅ እሱ ይሰማል። ፊልተር ግዛ ብለውኛል። ልግዛ?

መልስ፦ አሁን አይግዙ። መጀመሪያ ጩኸቱ በየት በኩል እንደሚገባ ይለዩ፤ በኃይል ገመዱ፣ ዕቃዎቹን በሚያገናኙት የድምፅ ገመዶች ወይም በአየር ሊገባ ይችላል። ለዚህ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፤ ከሚክሰሩ የሚመጡትን ጃኮች በሙሉ ይንቀሉና በኢንቨርተሩ መልሰው ያብሩት። (አምፑ በርቶ ጃክ መንቀል ትዊተሩን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን የሞንታርቦ ክፍል፣ ሊያቃጥል ይችላል።) ባዶውን አምፕ ይዞ እዝዝታው ከቀጠለ የሚገባው በኃይል ገመዱ ነው። ጸጥ ካለ ደግሞ አምፑን እያጠፉ ሚክሰሩን ብቻ ያገናኙ፤ ቀጥሎ ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ፤ በመጨረሻ ቻርጀሩን ይሰኩ። ቻርጀሩ ሲሰካ ጩኸቱ ከመጣ ነገሩ ታወቀ። ላፕቶፕ ባለበት ቤት መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ነው። ከቻርጀሩ የሚፈሰው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መውጫ ሲያጣ ከላፕቶፑ ወደ ሚክሰሩ በሚሄደው ቀጭን ገመድ ሽፋን ላይ ያልፋል፤ ሚክሰሩም እንደ ድምፅ ቆጥሮ ያጎላዋል። መፍትሔው ትርኢቱ እስኪያልቅ ላፕቶፑን በባትሪው ማሠራት ነው። ባትሪው የማይቆይ ከሆነ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ባለሁለት መስመር፣ 1 ለ 1 የሆነ የድምፅ ትራንስፎርመር ወይም የግራውንድ ማቋረጫ ማብሪያ ያለው ዲአይ ቦክስ (የድምፅ መስመርን ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ይግባ። የሶኬቱን የግራውንድ እግር በፒንሳ መቁረጥ ግን በፍጹም አይደረግም። ጩኸቱ ይጠፋ ይሆናል፤ አንድ ቀን ፌዝ (ኃይል ያለው ሽቦ) የሚክሰሩን ብረት ከነካ ግን 220 ቮልቱ የሚደርሰው ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለያዘው ዘፋኝ ነው።

ባዶው አምፕ ብቻውን ከጮኸ የኢንቨርተሩን ጽሑፍ ያንብቡ። «ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ» የሚል ከሆነ ኤሌክትሪኩ እንደ ደረጃ እየዘለለ የሚወጣ ነው። ከ50 ኸርዝ ጋር 150፣ 250፣ 350 እያለ እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ትርፍ ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ጩኸቱ ወፍራም ጉርምርምታ ሳይሆን የሚከረክር «ዝዝዝ» የሆነውም ለዚህ ነው። ገበያ ላይ ያለው የኃይል ፊልተር በደንብ የሚያጣራው ከ150,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ስለሆነ ይህን አይነካውም፤ እንዲያውም በውስጡ ያለው ካፓሲተር በዚህ ሞገድ ይግላል። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚወጣው ለፊልተር ሳይሆን ለ«ፒዩር ሳይን ዌቭ»፣ ማለትም ሳይዘልል ለስላሳ ሞገድ ለሚያወጣ ኢንቨርተር ነው። ሲገዙ በትልቁ የተጻፈውን የቅጽበት ዋት ሳይሆን ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ይመልከቱ።

ጥሩ ኢንቨርተር ገብቶም ጥቂት ጩኸት ከቀረ ባትሪው ጋ ይሂዱ። 1,000 ዋት ከ12 ቮልት ሲወጣ፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ 95 አምፔር ገደማ ይፈስሳል። ካቦው 35 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተጠማዝዘው አብረው ይሂዱ። ተራርቀው ከተዘረጉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንደ አንቴና ይረጫል። ከባትሪው አጠገብ 125 አምፔር ፊውዝ ይግባ። በባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ቀለበትዎን አውልቀው፣ ኔጋቲቩን አስቀድመው ፈትተው፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ያጽዱት፤ ካደረቁና ካጠበቁ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡት። ኢንቨርተሩ ከሚክሰሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የማይክ ገመድ ከኃይል ገመድ ጋር ጎን ለጎን አይሂድ፤ መገናኘት ካለበት መስቀል ሠርቶ ይለፍ።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነው የምኖረው። በኢንቨርተር ስሠራ የሚክሰሩ ብረት ይነዝረኛል። አንድ ባለሙያ ኢንቨርተሩ መውጫ ላይ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ከግራውንዱ (ከመሬት መስመሩ) ጋር አገናኝ አለኝ። ትክክል ነው?

መልስ፦ የኢንቨርተሩ መመሪያ ካልፈቀደ አይንኩት። በብዙ ርካሽ ኢንቨርተሮች ሁለቱም የመውጫ ሽቦዎች ኤሌክትሪክ አላቸው፤ አንዱን ከመሬት ማገናኘት ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል ይችላል። የሚገናኘው የኢንቨርተሩ አካል ላይ ያለው የግራውንድ ቡሎንና የዲቫይደሩ የግራውንድ መስመር ነው፤ ሁለቱም በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ መሬት ውስጥ ወደተቀበረው ዘንግ ይሂዱ። ዘንጉ 1.5 ሜትር ያህል ይግባ። ጎንደር ላይ ከኅዳር በኋላ መሬቱ ስለሚደርቅ ዘንጉን ውሃ የሚፈስበት አጠገብ መቅበር ይሻላል። ከዚያ ኢንቨርተሩን አብርተው በቴስተር ከሚክሰሩ ብረት እስከ ዘንጉ ይለኩ፤ ከ2 ወይም ከ3 ቮልት በላይ ካሳየ የተላቀቀ ሽቦ ስላለ ማንም ማይኩን አይንካ።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ነን። በከተራ ታቦታቱን አጅበን ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ስንወርድ አምፑን ከፒክአፑ ባትሪ በኢንቨርተር እናሠራለን። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል።

መልስ፦ ከመርገጡ ጋር የሚቀጥን ፉጨት የሚመጣው ከመኪናው ዲናሞ ነው። ኢንቨርተሩን ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ያውጡት፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ብቻ ነው የሚችለው። በቀጥታ ከባትሪው ጫፎች ቢያገናኙት ፉጨቱ ይቀንሳል። ጨርሶ እንዲጠፋ ግን ከመኪናው ጋር ያልተገናኘ ሌላ ባትሪ ጭነው ይሂዱ። 300 ዋት የሚስብ አምፕ ከባትሪው ወደ 28 አምፔር ይወስዳል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ከተጠቀሙ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ያዘልቃል። ታቦታቱ የሚሄዱት በዝግታ ነውና ሁለት ባትሪ ይያዙ፤ ሁለቱም ከከተራ በፊት ባለው ሌሊት ሞልተው ይደሩ።